የ21 ቀን ሰዓት፦ ለሀዋሳ ሐይቅ ዳር የታሰበ የማህተም ካርድ ከኬሞቴራፒ ቀን አቆጣጠር ጋር ሲጋጭ

ጉዳዩ በአንዲት የወረቀት ካርድ ዙሪያ ነው። ሀዋሳ ላይ የተዘጋጀ አንድ የምርምር ረቂቅ፣ ለጡት ካንሰር ኬሞቴራፒ የሚወስዱ ሴቶች በሐይቁ ዳር እየተንቀሳቀሱ ማህተም የሚሰበስቡበትን ጨዋታ አቀረበ። ሐሳቡ ማበረታቻውን ከጨዋታ ዲዛይን፣ ቦታዎቹን ከከተማዋ ቱሪዝም፣ ምክንያቱን ደግሞ ከካንሰር ሕክምና ይወስዳል። ሦስቱም ለየብቻ ሲታዩ እንከን የላቸውም። ረቂቁ ለሥነ ምግባር ገምጋሚዎች ከመቅረቡ በፊት መስመር በመስመር ሲፈተሽ ግን ሦስቱ በተለያየ ሰዓት እንደሚሄዱ ታየ። እዚህ የሚቀርበው የዚያ ፍተሻ ዝርዝር ነው። ካርዱ ገና በታካሚ እጅ ስላልገባ ውጤት የሚባል ቁጥር አይኖርም፤ ያለው የተሰናከለባቸው ቦታዎችና የተደረጉት ማስተካከያዎች ናቸው።

የመጀመሪያው ካርድ

ካርዱ 12 ሣጥን ነበረው። በየሣጥኑ አንድ ቦታ ተጽፏል፦ የፍቅር ሐይቅ ዳርቻ፣ አሞራ ገደል፣ ጉዱማሌ፣ የታቦር ተራራ፣ የጀልባ መነሻ፣ የገብርኤል አደባባይ፣ ገበያው፣ ወዘተ። ታካሚዋ ቦታው ድረስ በእግሯ ሄዳ ማህተም ታስመታለች። እያንዳንዱ ማህተም 10 ነጥብ ያስገኛል። በየቀኑ ሳታቋርጥ ከተራመደች ነጥቡ እጥፍ ይሆናል፤ አንድ ቀን ከዘለለች ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ጨዋታው 30 ቀን ይቆያል። የነጥብ ደረጃ በሕክምና ክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ አንደኛ የወጣችው አሞራ ገደል ላይ የአሳ ምሳ ትጋበዛለች። የዕለት ግቡ 10,000 እርምጃ ነው።

የመራመዱ ምክንያት ትክክል ነው። የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ በ2019 ያሳተመው የባለሙያዎች ስምምነት፣ በሳምንት 3 ጊዜ ለ30 ደቂቃ የሚደረግ መጠነኛ እንቅስቃሴ የካንሰር ታካሚዎችን ድካም እንደሚቀንስ ጠንካራ ማስረጃ እንዳለ ይገልጻል። በዝግታ በሰዓት ከ3 እስከ 4 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በ30 ደቂቃ ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። የሐይቁ ዳር መንገድ ደልዳላና ጥላ ያለው ስለሆነ ለዚህ የተመቸ ነው።

10,000 እርምጃ ግን ከሕክምና የመጣ ቁጥር አይደለም። በ1965 ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበ የእርምጃ መቁጠሪያ የንግድ ስም ሆኖ ነው ዓለምን የዞረው። ትርጉሙም «የዐሥር ሺህ እርምጃ መለኪያ» ነው። ሁለተኛውን ዙር ኬሞ ለወሰደች ሴት ይህን ማዘዝ ቅጣት ነው፤ ደግሞም ከታካሚዎቹ ብዙዎቹ የያዙት ተራ ስልክ እርምጃ አይቆጥርም። ግቡ በደቂቃ ተተካ። የፍጥነቱ መለኪያም ቀላል ነው፦ እየተራመዱ ማውራት መቻል አለባቸው፣ መዝፈን ግን ሊያቅታቸው ይገባል።

30 ቀን በ21 ቀን ላይ ሲጫን

የካርዱ ዋና ስህተት እዚህ ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚነሱት ችግሮች አብዛኛዎቹ የዚህ ልጆች ናቸው።

ረቂቁ የሚያተኩረው በተለመደው የመጀመሪያ ምዕራፍ ሕክምና ላይ ነው፦ ዶክሶሩቢሲን በካሬ ሜትር 60 ሚሊግራም፣ ሳይክሎፎስፋማይድ በካሬ ሜትር 600 ሚሊግራም፣ በየ21 ቀኑ፣ 4 ዙር። ታካሚዎች ዶክሶሩቢሲንን «ቀዩ መድኃኒት» ይሉታል፤ ሽንትንም ለአንድ ሁለት ቀን ያቀላል። መድኃኒቱ የተሰጠበት ቀን ቀን 1 ይባላል። መድኃኒቶቹ በፍጥነት የሚባዙ ሴሎችን ስለሚመቱ መቅኔውም አብሮ ይመታል። በደም ውስጥ ያሉት ኒውትሮፊሎች (ባክቴሪያን የሚዋጉ ነጭ የደም ሴሎች) ዕድሜያቸው አጭር ነው፤ ምትካቸው ሲቋረጥ ከቀን 7 ገደማ ጀምሮ ቁጥራቸው ይወርዳል፣ እስከ ቀን 14 ዝቅ ብሎ ይቆያል፣ ከዚያ መቅኔው ሲያገግም በቀን 21 ለቀጣዩ ዙር ወደሚበቃ መጠን ይመለሳል። ኒውትሮፊል በማይክሮ ሊትር ከ500 በታች ሲሆን ተራ የሚባል ባክቴሪያ ሰው ሊገድል ይችላል።

አሁን የ30 ቀኑን ተከታታይ ጉዞ በዚህ ላይ እናስቀምጠው። ጨዋታው በቀን 1 ቢጀመር፣ ከቀን 7 እስከ 14 ያሉት 8 ቀናት በዝቅታው ውስጥ ናቸው። ቀን 22 ሁለተኛው ዙር የሚሰጥበት ነው፤ እንደገና ቀን 1 ይሆናል። ስለዚህ የጨዋታው ቀን 28፣ 29 እና 30 የሁለተኛው ዙር ቀን 7፣ 8 እና 9 ናቸው። በድምሩ ከ30 ቀን 11ዱ ታካሚዋ ከሕዝብ መሐል መራቅ ያለባት ቀናት ናቸው፤ ካርዱ ደግሞ በነዚህም ቀናት ካልወጣች «ዜሮ» ይላታል። ሁለቱ የመድኃኒት ቀናትና ተከትለዋቸው የሚመጡት የማቅለሽለሽ ቀናት ገና አልተቆጠሩም።

ያልተቋረጠ ተከታታይ ቆጠራ በጨዋታ ዲዛይን ውስጥ ኃይሉ የታወቀ ነው። ካህነማንና ትቨርስኪ የተባሉት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1979 እንዳሳዩት ሰው ከሚያገኘው ይልቅ የሚያጣው ያመዋል፤ 20 ቀን የሰበሰበውን በአንድ ቀን ላለማጣት የማይሆነውን ያደርጋል። ለቋንቋ መማሪያ ይህ ግፊት ጉዳት የለውም። መቅኔዋ ለወረደባት ሴት ግን ግፊቱ አንድ ነገር ያስተምራታል፦ ትኩሳትን መደበቅ። ከሁሉ አደገኛ የሆነው ደግሞ ይህን የምታደርገው በጣም የተጋችው፣ ብዙ ነጥብ የሰበሰበችው ታካሚ መሆኗ ነው።

ስለዚህ ተከታታይ ቆጠራው ሙሉ በሙሉ ወጣ። አዲሱ ካርድ በቀን ቁጥር የተከፈለ ነው። ከቀን 1 እስከ 6 «እንደ አቅም» ይላል፤ በቤትና በግቢ ውስጥ መራመድ ይበቃል። ከቀን 7 እስከ 14 ያለው ግራጫ ነው፤ በግቢ መንቀሳቀስ ይቻላል፣ ማህተም ግን የለም። ማህተም የሚሰበሰበው ከቀን 15 እስከ 20 ብቻ ሲሆን በቀን 15፣ 17 እና 19፣ መሐሉ ላይ ዕረፍት እየገባ፣ 3 ጊዜ ነው። ቀን 20 የደም ምርመራ ነው። 4 ዙር በ3 ማህተም 12 ይሆናል፤ የመጀመሪያው ካርድ ቁጥር ሳይለወጥ በ84 ቀን ላይ ተዘረጋ ማለት ነው።

ቀኖቹ የሚጻፉት በእርሳስ ነው። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ግን የቀን 20 ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) ዝቅ ብሎ ከመጣ ዙሩ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሳምንት ይገፋል። በእስክሪብቶ የተጻፈ ካርድ በዚያ ሰዓት የተበላሸ ካርድ ይሆናል፤ ታካሚዋም «ወደቅሁ» ብላ ታነበዋለች። ነርሷ አጥፍታ ስትጽፈው የጠፋ ማህተም የለም፣ ሰዓቱ ብቻ ተገፋ።

የሽልማቱ ምሳ

አሞራ ገደል ሀዋሳን የሚጎበኝ ሰው የማያልፈው ቦታ ነው። ጠዋት ጀልባዎቹ ቆሮሶና አምባዛ ይዘው ይመጣሉ፤ አሳው እዚያው ይበለታል፤ አባ ኮዳዎቹ ከሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ቆመው አንጀትና ቆዳ ይጠብቃሉ፤ ጦጣው ከእጅ ይነጥቃል። እንግዳ የሚጋበዘው ደግሞ የተጠበሰውን ብቻ አይደለም። ትኩስ የተገፈፈ ፊሌቶ በጥሬው፣ በዳጣ እያጠቀሱ መብላት የቦታው ወግ ነው። «እትዬ፣ አንዷን ይቅመሱ እንጂ!» የሚል አቅራቢን እምቢ ማለት ለሀገሬው ሰው ቀላል አይደለም።

ጥሬ የሐይቅ አሳ በጤነኛ ሰው ላይም ጥገኛ ትሎችን ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ኒውትሮፊሏ ለወረደ ታካሚ ደግሞ የባክቴሪያው ይብሳል። ሎሚና ዳጣ አፍ ያቃጥላሉ እንጂ ባክቴሪያን በአስተማማኝ ሁኔታ አይገድሉም። በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ለ7 ቀን ማቀዝቀዝ ትሎቹን ይገድላል፣ ባክቴሪያውን ግን አያጠፋም። የሚያስተማምነው ማብሰል ነው፦ የውስጡ ሙቀት 63 ዲግሪ ሲደርስ፣ በዓይን ሲታይ ደግሞ ሥጋው ከብርሃን አስተላላፊነት ወደ ድፍን ነጭነት ተለውጦ ከአጥንቱ በሹካ ሲለቅ። ስለዚህ ሽልማቱ ከ«አሳ ምሳ» ወደ «የአሳ ሾርባ» ተለወጠ። ሾርባ ጥሬ አይቀርብም፤ ማብራሪያም ክርክርም አያስፈልገውም። የዲዛይን ማስተካከያ ጥሩ የሚሆነው እንዲህ ታካሚዋን ከመከራከር ሲያድናት ነው።

ማህተሙም ከምግብ ቤት ወጣ። በመጀመሪያው ረቂቅ ማህተሙን የሚይዙት አሳ አቅራቢዎች ነበሩ፤ ሐሳቡ ለአካባቢው ንግድ ገበያ ማምጣት ነበር። ሲታሰብ ግን ማህተም የያዘ ነጋዴ ማህተሙን ከሽያጭ ጋር ማያያዙ አይቀርም፤ ያልገዛች አታስመታም። በአዲሱ አሠራር በመግቢያው በር ላይ ያለው ትኬት ቆራጭ ይይዘዋል፤ ታካሚዋ ወደ አሳ መበለቻው ሳትጠጋ ከዛፉ ሥር ተመልሳ መሄድ ትችላለች። የወፍ ኩስ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የተባሉ ባክቴሪያዎችን ሊይዝ ስለሚችል አግዳሚ ወንበር ላይ ከመቀመጥ በፊት የሚነጠፍ ጋዜጣ፣ ከተመለሱም በኋላ በሳሙና መታጠብ በካርዱ ጀርባ ተጽፏል።

ገበያው ከዝርዝሩ ወጣ፣ ግፊያ ነውና። የታቦር ተራራ ግን አልወጣም። ወደ ላይ መውጣቱ ቀርቶ ማህተሙ ከግርጌው ሆነ፤ ምክንያቱ የደም ማነስ ነው። ከኬሞ በኋላ ሄሞግሎቢን ሲወርድ ልብ ያንኑ ኦክስጅን ለማድረስ በፍጥነት ትመታለች፤ ዶክሶሩቢሲን ራሱ የልብ ጡንቻን ሊጎዳ የሚችል መድኃኒት ነው። ሀዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ዳገት ለማንም ቀላል አይደለም። የካርዱ ደንብ፦ ሄሞግሎቢን በዴሲ ሊትር ከ8 ግራም በታች ከሆነ በዚያ ዙር የማህተም ጉዞ የለም።

ትኩሳት፣ ወባና አንዷ ሰዓት

በኬሞ ላይ ያለ ሰው በአፍ የሚለካ ሙቀቱ አንድ ጊዜ 38.3 ቢደርስ፣ ወይም 38.0 ሆኖ ለአንድ ሰዓት ቢቆይ፣ ኒውትሮፊሉም ከወረደ፣ ድንገተኛ ሕክምና ነው፤ የመጀመሪያው ፀረ ባክቴሪያ በደም ሥር በ60 ደቂቃ ውስጥ እንዲሰጥ ይመከራል። ሀዋሳ ላይ ይህን ሰዓት የሚበላ ነገር አለ፦ ወባ። በኢትዮጵያ ከ2,000 ሜትር በታች ያለ አካባቢ ወባማ ተደርጎ ይታያል፤ ሐይቁ ዳር ደግሞ ትንኙ የማይቀር ነው። የሀገሬው ሰው ትኩሳት ሲሰማው መጀመሪያ የሚያስበው ወባን ነው፤ ፓራሲታሞል ይወስዳል፣ ቅርብ ካለው ጤና ጣቢያ ሄዶ ደም ይሰጣል፣ ውጤት ይጠብቃል። «ወባ የለብህም» ሲባል እፎይ ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ለሌላው ሰው ይህ አስተዋይ አካሄድ ነው። ለዚህች ታካሚ ግን አሉታዊ የወባ ውጤት መልካም ዜና አይደለም፤ ይበልጥ አስፈሪው ምክንያት እንደቀረ ነው የሚናገረው።

በካርዱ ፊት፣ ከማህተሞቹ በላይ፣ በትልቅ ፊደል የሰፈረው ይህ ነው፦ ከመድኃኒት በፊት ሙቀት ይለካ፤ በብብት 37.5 ከሆነ ወደ ሕክምና ክፍሉ ይደወል፤ የወባ ምርመራው እዚያው አብሮ ይደረጋል። በብብት የሚነበበው ከአፍ ዝቅ ስለሚል ነው ቁጥሩ 37.5 የሆነው፤ የመደወያ ቁጥር እንጂ የበሽታ መለያ አይደለም። ፓራሲታሞል አስቀድሞ ከተወሰደ ቴርሞሜትሩ ይዋሻል።

ለተደወለ ስልክ ነጥብ ይሰጥ የሚል ሐሳብ በአንድ ወቅት ቀርቦ ነበር። ማራኪ ነው፤ ግን ድንገተኛ ሕክምናን ከጨዋታው ሣጥን ውስጥ ያስገባዋል፣ ነጥብ የማያጓጓት ሴት ደግሞ መደወሉን እንደ ፈቃድ ነገር ታየዋለች። የተመረጠው ሌላ መንገድ ነው፦ የደወለች ታካሚ ካርድ ባለበት ይቆማል። የሚጨመርላትም የሚቀነስባትም የለም።

የመውጫ ሰዓቱም በዚሁ ተወሰነ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ተኩል፣ ወይም ከቀኑ 9 ተኩል እስከ 11 ሰዓት። ከ11 በኋላ የወባ ትንኝ ሰዓት ይቀርባል፤ ጉማሬም ለግጦሽ ወደ ዳር የሚወጣው ሲመሽ ነው። ቱሪስት የሚወደው የፀሐይ መጥለቂያ ከካርዱ የወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ያሳዝናል፤ የሐይቁ ምርጥ ሰዓት እሱ ነበር።

በግድግዳ ላይ የተለጠፈው ስም

የደረጃ ሰንጠረዡ ላይ ብዙ መከራከር አላስፈለገም። በካንሰር ክፍል ግድግዳ ላይ ስም ዝርዝር ሲለጠፍ ሰው የሚያነበው ማን አንደኛ እንደሆነ አይደለም፤ ማን እንደጎደለ ነው። አንዲት ታካሚ ሕክምና ብትቀይር፣ ብትደክም ወይም ብታርፍ ስሟ ከታች ይቀራል ወይም ይሰረዛል፤ ሁለቱም ለቀሩት መርዶ ነው። ከዚህም ሌላ የበሽታው ስም ራሱ ገና የሚሸሸግ ነው፤ ጎረቤት እንዳያውቅ የምትታከም ሴት አለች።

የቱሪዝሙ ወገን ለረቂቁ ትልቁን ውለታ የዋለው እዚህ ላይ ነው። የካርዱ ፊት ማንኛውም የሀዋሳ ጎብኚ ሊይዘው የሚችል የጉብኝት ካርድ እንዲመስል ተደረገ፤ «ካንሰር» ወይም «ሆስፒታል» የሚል ቃል የለበትም፣ ስም የለበትም፣ ቁጥር ብቻ አለው። የቀን ሰሌዳውና የሙቀት ደንቡ ከፊት ተነስተው ወደ ተጣጠፈው የውስጥ ገጽ ተዛወሩ፤ ከሙቀቱ ደንብ አንዷ መስመር ብቻ በፊት ገጽ ላይ «ትኩሳት ካለ ይደውሉ» ተብላ ቀረች። ማስመሰሉ እንዲሠራ ግን ካርዱ ለእውነተኛ ጎብኚዎችም መሰጠት አለበት። ታካሚዎች ብቻ የሚይዙት የጉብኝት ካርድ በሁለት ሳምንት ውስጥ በባጃጅ ሹፌሮች ሁሉ ይታወቃል።

ማህተም እየሰበሰቡ መጓዝ አዲስ ነገር አይደለም። በስፔን ወደ ሳንቲያጎ የሚሄዱ ተሳላሚዎች በየማደሪያው ያስመታሉ፤ በጃፓን የሺኮኩ ደሴት 88 ቤተ መቅደሶችን የሚዞሩትም መጽሐፍ አላቸው። ሁለቱም ቀን አይገድቡም፣ ተጓዦችን እርስ በርስ አያወዳድሩም። ረቂቁ ከእነሱ መማር የነበረበት ከስልክ ጨዋታዎች በፊት ነው።

ታካሚዋ ሀዋሳ የለችም

ፍተሻው መጨረሻ አካባቢ የደረሰበት፣ መጀመሪያ ሊታይ የሚገባው ነገር ይህ ነበር። ካርዱ ታካሚዋ ከቀን 15 እስከ 20 ከተማ ውስጥ እንዳለች ይገምታል። ከገጠር የምትመጣ ሴት ግን መድኃኒቱን ወስዳ ወደ ቀዬዋ ትመለሳለች፤ የምትመጣው ለቀን 20 ደም ምርመራና ለቀጣዩ ዙር ነው። ብርታት ያላት ሳምንት የምታልፈው ልጆቿና እንሰቷ ባሉበት ነው። ቱሪዝሙን የሚያስበው ወገን ሀዋሳን መድረሻ አድርጎ ያያታል፤ ለእሷ ግን ሀዋሳ መርፌ የሚወጋባት ቦታ ናት።

ከዚህም በላይ «ሽርሽር» የሚለው ነገር እንግዳ ነው። ውኃ ለመቅዳትና ገበያ ለመድረስ ስትራመድ ለኖረች ሴት፣ ያለ ጉዳይ ደርሶ መመለስ ትርጉም የለውም። ዴሲና ራያን የተባሉት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ማበረታቻን ሲተነትኑ በሦስት ነገሮች ላይ አቆሙት፦ በራስ ፈቃድ ማድረግ፣ መቻልን ማየት፣ ከሰው ጋር መተሳሰር። በሌላ ሰው የተመረጠ የ12 ቦታ ዝርዝር የመጀመሪያውን ከመነሻው ይጥሰዋል።

መፍትሔው ካርዱን ለሁለት መክፈል ሆነ። በየዙሩ ካሉት 3 ማህተሞች ሁለቱ ባዶ ሣጥኖች ናቸው፤ ታካሚዋ ከነርሷ ጋር ሆና የራሷን ቦታ ትሞላለች፦ ጸሎት ቤት፣ የእህት ቤት፣ ምንጭ። ማህተሙን የቤተሰብ አስታማሚ በፊርማ ወይም በጣት አሻራ ይተካዋል። ሦስተኛው የሀዋሳ ነው፤ በቀን 20፣ ደም ተሰጥቶ ውጤት እስኪደርስ ባለው ክፍተት። በዚያ ቀን የግራጫው ጊዜ አልፏል፤ ወንበር ላይ ተኮማትሮ ከመጠበቅ ሐይቁ ዳር ደርሶ መመለስ ይሻላል። ስለዚህ ከ12ቱ ማህተም ለከተማዋ የሚቀሩት 4 ብቻ ናቸው። ለከተማዋ ነዋሪ ታካሚዎች የተስተካከለው የ12 ማህተም ካርድ አለ። የቱሪዝሙ ወገን በዚህ እንደማይደሰት ግልጽ ነው፤ ግን 4 እውነተኛ ጉብኝት ከ12 የወረቀት ጉብኝት ይበልጣል።

ቀን አቆጣጠሩም ሌላ መልክ አለው። በከተማ 21 ቀን ማለት ልክ ሦስት ሳምንት ነው፤ ማክሰኞ የጀመረች ሁልጊዜ ማክሰኞ ትመጣለች። በሲዳማ ገጠር ግን ገበያው በ4 ቀን ይዞራል፦ ዲኮ፣ ደላ፣ ቃዋዶ፣ ቃዋላንካ። 21 ለ4 ሲካፈል 5 ደርሶ 1 ይተርፋል፤ ማለትም ቀጠሮዋ በየዙሩ በአንድ የገበያ ቀን ይገፋል። ቀኗን በገበያ የምትቆጥር ሴት «በዲኮ ቀን ነው የጀመርኩት» ብላ በዲኮ ብትመለስ፣ ወይ አንድ ቀን ቀድማ ወይ 3 ቀን ዘግይታ ትደርሳለች። ስለዚህ በካርዱ ላይ ከቀን ቁጥሩ ጎን የሳምንቱ ቀንም የገበያው ቀንም በእርሳስ ይጻፋል። ለዚህ ገንዘብም ቴክኖሎጂም አያስፈልግም።

ቀዳዳ ከቀለም ይሻላል

ማህተም የሚለው ቃል አልተለወጠም፤ ቀለሙ ግን ቀርቷል። የቀለም ሰሌዳ በሐይቁ ዳር ፀሐይ ይደርቃል፣ በላብ እጅ ይለቀለቃል፣ ተመሳሳይ ክብ ማህተም ደግሞ ማንም ያስቀርጻል። የትኬት መብሻ ተመረጠ፤ በየቦታው የቀዳዳው ቅርጽ የተለያየ ነው፦ ኮከብ፣ አሳ፣ ጨረቃ፣ ልብ። መብሻው ሊጠፋ ይችላል እንጂ የሚያልቅ ነገር የለውም፤ መለዋወጫ አንድ አንድ በሕክምና ክፍሉ ይቀመጣል። ወረቀቱ 300 ግራም ካርቶን መሆን አለበት፤ ከዚያ የሳሳው በጉያ ውስጥ ለ84 ቀን አይቆይም።

ከ12ቱ ሣጥኖች በፊት ሁለት ተጨማሪ ሣጥኖች አስቀድመው ተበስተው ይሰጣሉ፤ አንዱ ቴርሞሜትር ማንበብን ለተለማመደችበት፣ ሌላው ለመጀመሪያው የደም ምርመራ። ይህ ጌጥ አይደለም። ኑነስና ድሬዝ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 ባሳተሙት ሙከራ በአንድ መኪና ማጠቢያ 300 ካርድ አደሉ፤ ግማሹ 8 ባዶ ሣጥን፣ ግማሹ 10 ሣጥን ሆኖ ሁለቱ አስቀድሞ የተመቱ። የቀረው ሥራ እኩል 8 ሆኖ ሳለ ከመጀመሪያዎቹ 19 በመቶ፣ ከሁለተኞቹ 34 በመቶ ጨረሱ። መንገድ የጀመረ ሰው መድረስ ይፈልጋል።

መለኪያው

ቀዳዳዎቹ የጥናቱ ውጤት መለኪያ እንዳይሆኑ ተከለከለ። ለወጣት የካንሰር ታካሚዎች በተሠራ የቪዲዮ ጨዋታ ላይ በ2008 የታተመው ሙከራ ይህን በደንብ ያሳያል። ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 29 የሆኑ 375 ታካሚዎች በ34 የሕክምና ማዕከላት ተሳተፉ። ጨዋታውን የተጫወቱት መድኃኒታቸውን በተሻለ ሁኔታ ወሰዱ፤ ይህ የታወቀው ግን በኤሌክትሮኒክ የጠርሙስ ክዳንና በደም ምርመራ ነው። ራሳቸው በሞሉት መጠይቅ ላይ ልዩነቱ አልታየም፤ በኑሮ ጥራትም ላይ ለውጥ አልተገኘም። ጨዋታ የነካውን ነገር ይለውጣል፤ ያልነካውን ይለውጣል ብሎ ቃል መግባት አይቻልም።

ረቂቁ ድካምን ፋሲት በተባለው የድካም መጠይቅ ይለካል፤ 13 ጥያቄ፣ ከ0 እስከ 52 ነጥብ። ለታካሚው ስሜት የሚሰጥ ለውጥ ከ3 እስከ 4 ነጥብ ነው። በሁለት ቡድን መሐል የ4 ነጥብ ልዩነት ለማየት፣ መዋዠቁ 10 ነጥብ ቢገመት፣ በተለመደው የ80 በመቶ አቅም (ያለ ልዩነትን የማየት ዕድል) እና የ5 በመቶ ስህተት (የሌለ ልዩነትን አለ የማለት ዕድል) ስሌቱ በቡድን 98 ሰው ይሰጣል፤ 20 በመቶ ያቋርጣሉ ቢባል 123። በድምሩ 246። ለአንድ የማስተርስ ተማሪ በአንድ ዓመት ውስጥ የሚሞከር ቁጥር አይደለም። ርዕሱ ከ«ውጤታማነት» ወደ «ተግባራዊነት» ወረደ፦ ካርዱን ስንቷ ይዛ መጣች፣ ስንት ትኩሳት በስንት ሰዓት ተደወለ፣ የትኛው መብሻ ጠፋ። በዚህ ማፈር አያስፈልግም፤ 30 ሰው ይዞ «ድካም ቀነሰ» ከሚል ጽሑፍ ይህ ይጠቅማል።

ማነጻጸሪያው ቡድን ቴርሞሜትሩንና የቀን ሰሌዳውን ያገኛል፤ የሚከለከለው ጨዋታውን ብቻ ነው። ሕይወት የሚያድን መረጃ ለሙከራ ሲባል አይደበቅም።

አንድ ሥጋት በእቅድ ተይዟል። በ2016 ፖክሞን ጎ የተባለው፣ እየተንቀሳቀሱ የሚጫወቱት የስልክ ጨዋታ ሲወጣ በአሜሪካ ወጣቶች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ተጫዋቾቹ በመጀመሪያው ሳምንት በቀን 955 እርምጃ ጨምረው በስድስተኛው ሳምንት ወደ ነበሩበት እንደተመለሱ አገኘ። የዚህ ካርድ ዕድሜ 12 ሳምንት ነው። ስድስተኛው ሳምንት የሚያልቀው ልክ ሁለተኛው ዙር አልቆ ሦስተኛው ሊጀመር ሲል ነው፤ አዲስነቱ የሚያልፍበትና ድካሙ የሚከማችበት ጊዜ ይገጣጠማሉ። ስለዚህ የሾርባው ግብዣ ከመጨረሻው ወደ 6ኛው ማህተም ተሳበ፤ ለአንደኛ ሳይሆን እዚያ ለደረሰች ሁሉ፣ ከአስታማሚዋ ጋር።

4ቱ ዙር ሲያልቁ ብዙዎቹ ወደ ፓክሊታክሴል ይሸጋገራሉ፣ በካሬ ሜትር 175 ሚሊግራም፣ በየ21 ቀኑ። ያ መድኃኒት የእግር ጣቶችን ያደነዝዛል፤ ጠጠርና ሥር የበዛበት መንገድ ላይ እግር የረገጠውን አያውቅም። ለዚያ ምዕራፍ ሁለተኛ ካርድ ተዘጋጅቷል። ታቦር ከዝርዝሩ ወጥቷል፣ ክፍት ጫማ ተከልክሏል፣ ጉዞው በ15 ደቂቃ ተከፍሏል፤ የመብሻዎቹ ቅርጽ ግን ያው ነው።